ንድፉ ከልጆቹ፣ ሲሚንቶው ከእኛ

ጎረቤቶች፣ ባለፈው ቅዳሜ የግቢያችን ልጆች ስብሰባ ተቀምጠው ነበር። ቦታው ኮሙናሉ ነው፤ ልቅሶውንም ሰርጉንም የምናደርግበት። እኔ በር ላይ ቆሜ እንድሰማ ብቻ ተፈቀደልኝ።

አጀንዳው አንድ ነው። ከብሎኮቹ ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ምን ይሁን?

የመጀመሪያው መልስ «መዋኛ ገንዳ» ነበር። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባል የለ? ጥሬው ይሄ ነው። ብስሉን ልንገራችሁ።

አንዲት የአስር ዓመት ልጅ እጇን አወጣች። «መጀመሪያ አግዳሚ ወንበር ይሠራልን» አለች። ልጅ ደግሞ ወንበር ምን ያደርግለታል ብዬ ገረመኝ። ቀጠለች። «አያቶች የሚቀመጡበት ከሌለ የሚያየን ሰው የለም። የሚያየን ከሌለ ደግሞ እማዬ ቶሎ ወደ ቤት ትጠራኛለች።» እኔ ይህን ግቢ ስንት ዓመት ኖሬበት አስቤው አላውቅም።

ከእሷ ቀጥሎ አንድ ትንሽዬ ልጅ ቧንቧ ጠየቀ። አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው። «ውሃ ልጠጣ ብዬ ከወጣሁ በቃ፣ አያስወርዱኝም» አለ። ሁሉም ሳቀ። የሳቁት ግን ሁሉም ስለደረሰባቸው ይመስለኛል።

ትልቁ ክርክር የኳሱ ነበር። ወንዶቹ ኳስ ሲጀምሩ ቦታው በሙሉ የእነሱ ይሆናል። ሴቶቹ ሱዚ ሲዘረጉ ኳሷ እየመጣች ታፈርሰዋለች። ስለዚህ ሴቶቹ ለሱዚና ለሰኞ ማክሰኞ የሚሆን፣ ሊሾ የሆነ የራሳቸው ጥግ ይፈልጋሉ። ወንዶቹ አንገራገሩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ተጯጯሁ። በመጨረሻ ከትልልቆቹ አንዱ መፍትሔ አመጣ። ያገለገለ የመኪና ጎማ በግማሹ እየቀበርን እንደ አጥር መሐል ላይ እንደርድር፤ ኳሱንም ያቆመዋል፣ ትንንሾቹም ይዘሉበታል። ተስማሙ። የእኛ የነዋሪዎች ስብሰባ እንዲህ በስምምነት ያለቀበትን ቀን የሚያስታውስ ካለ ይንገረኝ።

ይህን ሁሉ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት እኛ አዋቂዎች ብር አዋጥተን ሸርተቴ አስተክለን ነበር። ልጆቹን የጠየቀ አልነበረም። የተከልነው የከሰዓት ፀሐይ በሚመታው በኩል ነው። ቆርቆሮው ሲግል እንጀራ ያስጋግራል። ዛሬ ምንጣፍ ይሰጣበታል። እና «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለኝ ሰው ካለ፣ እኛ ያቦካነውን ሄዶ ከብሎኩ ጀርባ ይየው።

ልጅን ስለ ራሱ ጉዳይ መጠየቅ ፈረንጅ ያመጣው ቅንጦት የሚመስላቸው አሉ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። አንቀጽ 12 ልጅ በሚነካው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት ይሰጠው ይላል። ልጅ ያለው ሁሉ ይፈጸም አይልም፤ ገንዳው የቀረውም ለዚህ ነው። አንቀጽ 31 ደግሞ ዕረፍትንና ጨዋታን መብት ያደርጋቸዋል። ጨዋታ የቤት ሥራ ላለቀለት ልጅ የሚሰጥ ጉርሻ አይደለም ማለት ነው።

የመጫወቻ ቦታውን ሥራ ሰኔ 9 ላይ ለመጨረስ አስበናል። ዕለቱ የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ነው። በዚሁ ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ጁን 16 ቀን 1976፣ በደቡብ አፍሪካ የሶዌቶ ተማሪዎች አደባባይ የወጡት፣ በአፍሪካንስ ቋንቋ ተማሩ የሚል ውሳኔ ስለተጫነባቸው ነበር። ፖሊስ ተኮሰባቸው። ከሞቱት አንዱ ሄክተር ፒተርሰን የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ቀኑን የመረጥነው እሱን አስበን ነው። ሌላው ምክንያታችን ክረምቱ ነው፤ ሊሾው ዝናብ ሳይገባ መድረቅ አለበት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ከየቤቱ 500 ብር እንለምናለን። የሞላለት ይጨምር። ያልሞላለት አንድ ቅዳሜ አካፋ ይዞ ይምጣ፣ እኩል ይቆጠርለታል። ከብር ይልቅ ዕቃ የሚቀለው ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ የቧንቧ መስመር፣ ያገለገለ ጎማ ወይም የጥላ ዛፍ ችግኝ ቢያመጣ ደስ ይለናል። ከመሐላችን ግንበኛም በያጅም እንዳለ እናውቃለን። ራሳችሁን አትደብቁ። ቤታችሁን አከራይታችሁ ዱባይና አሜሪካ ያላችሁም አልተረሳችሁም። ልጆቻችሁ ክረምት ላይ ሲመጡ የሚጫወቱት እዚሁ ነው።

ስለ ሒሳቡ የምትጨነቁ አላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ብሩ የሚገባው በግቢው ማኅበር የባንክ ሒሳብ ነው፣ በሦስት ፊርማ ይወጣል። ለእያንዳንዱ መዋጮ ደረሰኝ አለ። ወጪው በየሳምንቱ በየብሎኩ መግቢያ ይለጠፋል። ልጆቹም ሦስት ተወካዮች መርጠዋል። ምርጫው በቆርኪ ነበር፤ ከየዕጩው ጀርባ ጣሳ ተቀመጠ፣ መራጩ እያለፈ ጣለ። ከሦስቱ አንዷ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን ከገንዘብ ያዣችን ጎን ቁጭ ብላ ሁለተኛ ደብተር ትይዛለች። ሁለቱ ደብተሮች ካልተገጣጠሙ ግዢ ይቆማል። ተወካዮቹ ሳይሰሙ ዕቅዱ ላይ አንድ ነገር አይለወጥም። ቦታው መኪና ማቆሚያ ይሁን የምትሉም ብትሆኑ መጥታችሁ ለእነሱ አስረዱ። ያዳምጣሉ፣ እንደ እኛ ነገር አያቋርጡም።

መዋጮ የምንቀበለው እሑድ ጠዋት ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ኮሙናሉ ውስጥ ነው። ልጆቹ የሣሉት ንድፍ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ እየዞራችሁ እዩት። ገንዳውም ጥግ ላይ በሰማያዊ ተሥሏል። እንዲጠፋ የጠየቀ ስለሌለ ተውነው።