ያ የዶርም ጥያቄህ

አንተ ሰውዬ፣ አለህ? እኔ አለሁ። ሦስት ዓመት ዝም ያልኩበትን ምክንያት ስፈልግ ሌላ ስድስት ወር አለፈና ተውኩት፤ ስትመልስልኝ የፈለግከውን ስደበኝ።

እንድጽፍ ያደረገኝ ያንተ ጥያቄ ነው። ማታ ዶርም ውስጥ የዌቭጋይድን (ማይክሮዌቭ ሞገድ የሚመራ ባዶ የብረት ቱቦ) ምዕራፍ ስናጠና "ለስላሳ ቱቦ እያለ ምን ቆርጦት ነው በየመሀሉ እንቅፋት የሚደረድረው?" አላልክም? እኔ ደግሞ "ፈተና ላይ አይመጣም" ብዬ ገጹን ገለጥኩት። አሁን የካንሰር ጨረር ሕክምና ማሽን ነው የምጠግነው፣ ውስጡ ኤሌክትሮን የሚያፈጥን እንዲህ ያለ ቱቦ ነው፤ እንጀራዬ ያ የዘለልኩት ገጽ ሆኗል።

መልሱ ይኸው፣ ዘግይቶም ቢሆን። ለስላሳ ቱቦ ውስጥ የሞገዱ ጉብታ ከብርሃን ይቀድማል። ጉልበቱ አይቀድምም፣ እንዳትደነግጥ፣ ጉብታው ብቻ ነው። ኤሌክትሮን ግን ያንን ጉብታ ተሳፍሮ ነው ፍጥነት የሚያገኘው፤ ጉብታው ካመለጠው አንዴ ወደፊት ይገፋል፣ አንዴ ወደኋላ ይጎተታል፣ መጨረሻ ላይ ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ መሀላቸው የተበሳ የመዳብ ዲስኮች እየደረደሩ ሞገዱን ከኤሌክትሮኑ እኩል እስኪራመድ ያዘገዩታል። ካሊፎርኒያ ስታንፎርድ ያለው ኤሌክትሮን አፍጣኝ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1966 ሥራ ሲጀምር 3.2 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። ፍሪኩዌንሲው 2856 ሜጋኸርትዝ ነበር፣ የሞገዱ ርዝመት 10.5 ሴንቲ ሜትር፣ ዲስኮቹ በየ3.5 ሴንቲ ሜትሩ። ቁጠራቸው፣ 80 ሺህ ገደማ ይመጣልሃል! የእኔው ከቁመቴ አይበልጥም።

ግን እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ዲስክ ከሞገዱ ጥቂት ብቻ ይመልሳል፣ ለብቻው ከቁም ነገር የማይቆጠር። የዲስኮቹ ርቀት በቱቦው ውስጥ ካለው የሞገድ ርዝመት ግማሽ ጋር ሲገጥም ግን እነዚያ ጥቂቶች ሁሉ እኩል ይመለሱና ሞገዱ አላልፍም ይላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እኮ ይኼ ነው። በባትሪ ብታበራ በቀዳዳዎቹ ወዲያ ማዶ ይታይሃል፣ ለማይክሮዌቩ ግን ግድግዳ ነው። ሒሳቡን ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፍሎኬ እ.ኤ.አ. በ1883 ሠርቶት ነበር፣ ዌቭጋይድ የሚባል ነገር ሳይኖር።

ባለፈው ወር ምን ሆነ መሰለህ፣ የማሽኑ ጨረር እየደከመ መጣ። ታካሚዎች ኮሪደር ላይ ተደርድረዋል፣ ሁሉም ሰው ኤሌክትሮኒክሱን ይጠረጥራል፣ እኔም ሁለት ቀን ሙሉ ቦርድ ስፈታና ስገጥም ከረምኩ። ለካ ማቀዝቀዣው ውኃ ሞቆ ነው! መዳቡ 1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ቱቦው የተቃኘበት ፍሪኩዌንሲ በ48 ኪሎኸርትዝ ገደማ ይቀንሳል፤ ሞገዱና ኤሌክትሮኑ እርምጃቸው ይዛነፋል። ፓምፑን ቀየርነው፣ አለቀ። ያኔ ነው አንተ ትዝ ያልከኝ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ወለል ላይ ተቀምጬ።

በል ጻፍ። ስልኬ ያው የድሮው ነው። ደግሞ ያ የወሰድክብኝ ካልኩሌተር አሁንም ይሠራል?