ኬኮቹን ሄደሽ እይልኝ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላ ክፉ የለም።

እሁድ ዕለት በስልክ ያልሽኝ ነገር አልለቅ ብሎኛል። «አባዬ፣ የብስኩት ካርቶን ስሥል ዕድሜዬ ባከነ» አልሽ። እኔም ጭጭ አልኩ። ስልክ ላይ መልስ አይመጣልኝም፤ ታውቂኛለሽ።

ዋሽንግተን ልጠይቅሽ የመጣሁ ጊዜ ብሔራዊው የሥዕል ሙዚየም ወስደሽኝ አልነበር? የኬኮቹ ሥዕል ፊት ቆሜ አልሄድም ያልኩሽ ትዝ ይልሻል? ቆጥሬያቸዋለሁ፣ 13 ናቸው። ክሬሙ ቀለም አይመስልም፤ ኬክ ቤት በቢላ እንደሚለቀልቁት ነው የተለቀለቀው። ጥላቸው ደግሞ ጥቁር ሳይሆን ሰማያዊ። ጠጋ ብዬ ሳይ ጥበቃው «ኧረ አባት፣ ወደ ኋላ» በሚል ዓይን አየኝ።

ሠዓሊው ዌይን ቲቦ ነው፤ ሥዕሉ የ1963 እ.ኤ.አ.። ከተመለስኩ ወዲህ ስለ ሰውየው ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። የአሜሪካ ሰው ነው፣ ካሊፎርኒያ ያደገ። ልጅ ሆኖ አይስክሬም ሸጧል። በ1936 ክረምት የካርቱን ፊልም ሠሪው ዲዝኒ ኩባንያ ገብቶ በሁለት ሥዕሎች መሀል ያለውን እንቅስቃሴ ይሞላ ነበር። ከዚያ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ፖስተር፣ ካርቱን። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለአንድ የመድኃኒት መደብር ኩባንያ ማስታወቂያ ሠራ። ሳን ሆሴ ኮሌጅ የገባው 29 ዓመት ሊሞላው ሲል ነው! በ1951 ሳክራሜንቶ ማስተማር ጀመረ፤ በ1960 ወደ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። የኬክና የፓይ ሥዕሎቹን ተሸክሞ ኒውዮርክ ሲዞር ብዙዎቹ ጋለሪዎች አልፈለጉትም። በመጨረሻ አለን ስቶን የሚባል የጋለሪ ባለቤት ተቀበለው፤ የ1962ቱ ኤግዚቢሽን ስሙን አስጠራው። እስከዚያ ድረስ እንጀራው ማስተማር ነበር። ጡረታ ከወጣም በኋላ ከክፍል አልጠፋም። በ2021 በ101 ዓመቱ አረፈ።

አሁን አስቢው። እነዚያ ኬኮች በረድፍ መደርደራቸው፣ ከኋላቸው ባዶ ነጭ መሆኑ፣ መብራቱ ከአንድ ወገን መምጣቱ ከየት የመጣ ይመስልሻል? የሱቅ መስኮት እኮ ነው! የማስታወቂያ ሠሪ እጅ ነው። ሰውየውም አላፈረበትም።

እኔም የራሴ ታሪክ አለኝ። አንድ ጭማቂ ቤት ሰሌዳ ሠርቼ ባለቤቱ «ይሄ አቮካዶ አልበሰለም፣ ድገመው» አለኝ። ሒሳቤንም ያዘ። ተናድጄ አንድ አቮካዶ ገምሼ ፊቴ አስቀመጥኩ። ለካ መሀሉ ያለው ዘር አጠገብ ቢጫ ነው፤ አረንጓዴ የሚሆነው ወደ ልጣጩ ሲጠጋ ነው። ስንት ዓመት ስበላው ኖሬ አላየሁትም ነበር። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ሥዕል ሳስተምር የምጀምረው ከዚያ ነው፤ አቮካዶ ገምሼ። ከዚያ ይበሉታል።

ሥራሽን ልቀቂም አትልቀቂም አልልሽም። የቤት ኪራይሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ብቻ ባከነ አትበይኝ።

መግቢያው ነፃ ነው ብለሽኝ ነበር፤ እሁድ ብቅ በይና የፊተኞቹን ኬኮች ጥላ እይልኝ። ሰማያዊው ውስጥ ሌላ ቀለም ያየሁ መስሎኝ ነበር፤ ጥበቃው ወደ ኋላ መለሰኝ እንጂ። የካርቶን ንድፎችሽንም እንዳትጥዪ። በሚመጣ ሰው ላኪልኝ፤ ለቅዳሜ ልጆቼ አሳያቸዋለሁ።

አባትሽ