ካርቶኑን ከአልጋ ሥር አውጡት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ዋሽንግተን ዲሲ ስላለው የሐበሻ ሰፈር ሰሞኑን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ስለ ምግቡ አለ፣ ስለ ሙዚቃው አለ፣ ስለ ቡናው አለ። ዘጠነኛው መንገድና ዩ ስትሪት ከእኛ በፊት የማን እንደነበሩ ግን አንድ መስመር እንኳ የለም። ለማያውቅ ሰው ባዶ ሜዳ ላይ የቆረቆርነው ነው የሚመስለው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

ዘጠነኛውና ዩ በሚገናኙበት ጥግ ላይ ከ1911 ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) አንድ ፎቶ ቤት ነበር። አዲሰን ስከርሎክ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ከፈተው፤ በኋላ ልጆቹ ሮበርትና ጆርጅ ያዙት። ሠርግ፣ ምረቃ፣ የማኅበር ስብሰባ፣ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን፣ ምን ያላነሱት አለ! ፎቶው ለመንገደኛው እንዲታይ መስኮቱ ላይ የተሰቀለለት ሰው በሰፈሩ ትልቅ ሰው ነበር። እንግዲህ ይህ ሁሉ የሆነው ጥቁር ሰው መሃል ከተማ ብዙ ምግብ ቤትና ሆቴል በማይገባበት ዘመን ነው። ፎቶ ቤቱ በ1994 ሲዘጋ ኔጌቲቮቹ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አልገቡም። ስሚዝሶኒያን የተባለው የሙዚየሞች ተቋም ወሰዳቸው። ወደ 250,000 ኔጌቲቭ። ዛሬ በአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ተቀምጠዋል፤ ስልካችሁን ከፍታችሁ የምታዩዋቸውም ብዙ ናቸው። እስቲ እዩዋቸው። እኛ ክትፎ የምንበላበት ሰፈር ሰዎቹ ሱፍ ለብሰው፣ ኮፍያ ደፍተው፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

ፎቶ ቤቱ ገና ክፍት ሳለ፣ በ1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ ሰፈሩ ተቃጠለ። ቀጥሎ የምድር ባቡሩ ግንባታ መንገዱን ቆፍሮ ስንት ጊዜ አከረመው፤ ጣቢያው የተከፈተው በ1991 ነው። ብዙ ሱቅ ተዘጋ። የእኛ ሰዎች ቀድሞ የሰፈሩበት የአዳምስ ሞርጋን ሰፈር ኪራይ ሲያማርራቸው የመጡት ወደዚህ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው፣ በ2005 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ይሰየምልን ስንል ከነባሮቹ ጥቁር ነዋሪዎች አንዳንዶቹ ለምን እንደተቆጡ አይጠፋውም። «ቅናት ነው» ያሉ ነበሩ። እኔ አይመስለኝም። አያትህ የተዳረችበት መንገድ ላይ ሌላ ሰው ስሙን ሊጽፍ ሲል ዝም ትላለህ?

እና ነገሩ የስም ብቻ አይደለም። እነዚህ ሰዎች ታሪካቸውን ያቆዩት ማንም ሳይረዳቸው ነው። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዋን ዶሮቲ ፖርተርን ውሰዱ። በ1930 የሃዋርድን የጥቁር ታሪክ ስብስብ ተረክበው እስከ 1973 ሠርተዋል። መነሻው ቄስ ጄሲ ሙርላንድ በ1914 የሰጡት የመጽሐፍ ስብስብ ነበር። ያኔ ብዙ ቤተ መጻሕፍት ጥቁር ሰው የጻፈውን ሁሉ፣ ግጥምም ይሁን ሌላ፣ መጽሐፍን በርዕሰ ጉዳይ ቁጥር በሚደረድረው በዲዊ አመዳደብ ወይ 325 ወይ 326 ውስጥ ይወረውሩት ነበር። 325 ቅኝ ግዛት ነው፣ 326 ባርነት። ገጣሚ ሆነህ መደርደሪያህ ባርነት! ዶሮቲ ይህን ጥለው መጽሐፉን በጸሐፊውና በይዘቱ አደራጁት። በጀት ስላልነበራቸው አሳታሚውንም መጽሐፍ ነጋዴውንም እየለመኑ ሰበሰቡ። ዛሬ ሙርላንድ ስፒንጋርን የምርምር ማዕከል የሚባለው ይኸው ነው፤ ከዘጠነኛው መንገድ በእግር ይደረሳል።

«የእነሱ ታሪክ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም። እዚያው ሃዋርድ ፕሮፌሰር ሊዮ ሃንስበሪ ከ1922 ጀምሮ የአፍሪካን ታሪክ ሲያስተምሩ ከርዕሶቻቸው አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚያ ነው። በ1937 ኒውዮርክ ላይ ጥቁር አሜሪካውያንን አስተባብረው የዓለም የኢትዮጵያ ፌዴሬሽንን ሲያቋቁሙ አገራችን በጣሊያን እጅ ነበረች። የፒትስበርጉ የጥቁሮች ጋዜጣ ኩሪየር ደግሞ ጥቁር ዘጋቢ፣ ጄ. ኤ. ሮጀርስን፣ ኢትዮጵያ ድረስ ልኮ ጦርነቱን አስዘግቧል። ይህን ዛሬ የምናውቀው አንድ ሰው ጋዜጣውን ስላልጣለው ነው።

አሁን ወደ እኛ። እኔ ታክሲ ነጂ ነበርኩ። ባለፈው ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባችን አረፈና ልጆቹ አፓርታማውን ሊያስረክቡ እቃ ሲያወጡ ለማገዝ ሄድን። አልጋው ሥር አንድ የሙዝ ካርቶን ነበር። ውስጡ የዕለት ጉዞ የተሞላባቸው የታክሲ ማኒፌስቶች፣ የዕቁብ ደብተር፣ የሠርግ ቪኤችኤስ፣ ለአገር ቤት እርዳታ ማሰባሰቢያ የታተመ ትኬት፣ የቤተ ክርስቲያን መዋጮ ደረሰኝ። ደግሞም ጠርዙ የተበላ የዞን ካርታ! ዲሲ በ2008 ወደ ሜትር ከመዞሯ በፊት ሒሳብ የምናወጣው በእሱ ነበር፤ ከተሳፋሪ ጋር ስንት ጭቅጭቅ ያስነሳ ወረቀት ነው። ልጆቹ አማርኛ አያነቡም። ካርቶኑ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ሊገባ ሲል ነው የደረስነው።

እንዲህ ያለ ካርቶን የሌለው የሐበሻ ቤት ካለ አሳዩኝ። የዲሲ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ቦታውን አዘጋጅቷል። መሃል ከተማ ያለው የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት አራተኛ ፎቅ ላይ ፒፕልስ አርካይቭ (የሕዝብ መዝገብ ቤት) የሚባል ክፍል አለ፤ የከተማዋ የጥቁሮች ታሪክ ስብስብ እዚያ ነው። በዚያው ሕንጻ ሜሞሪ ላብ አለ፤ ቪኤችኤስና ካሴት በነጻ ወደ ዲጂታል ትገለብጣላችሁ። ካሴት ዕድሜ የለውም፣ በተለይ ሙቀት ያለበት ቁም ሳጥን ውስጥ። ዋናውን መስጠት ካልፈለጋችሁ ኮፒ ማስቀረት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። የሰው ስምና ገንዘብ ያለበት የዕቁብ ደብተር ከሆነ ደግሞ «እስከዚህ ጊዜ አይከፈት» ማለት ይቻል እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ተነጋገሩ። ፎቶ በፕላስቲክ አታስለብጡ፣ ስቴፕል አታድርጉ፣ ስም ስትጽፉ በጀርባው በለስላሳ እርሳስ።

አንድ ነገር ግን ቤተ መጻሕፍቱ ብቻውን አይችለውም። ከካርቶኑ የወጣ አንድ ፎቶ ጀርባው ላይ «ግንቦት 1967» ይላል። የእኛ ልጆች መኪና ተደግፈው ቆመዋል። አማርኛ የማያውቅ ባለሙያ ይህን ሲያይ ከ1968ቱ ቃጠሎ በፊት የተነሳ አድርጎ ይመዘግበዋል፤ እኛ ግን 1975 መሆኑን እናውቃለን። ለዚህ አማርኛና ግዕዝ ቁጥር የሚያነብ፣ ሰዎቹንም በመልክ የሚለይ ሽማግሌ አጠገቡ መቀመጥ አለበት። ሽማግሌዎቹ ደግሞ እየሄዱብን ነው። ጡረታ ላይ ያለን ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት ከሻይ ቤቱ ሁለት ሰዓት ብንቀንስ ምን ይጎድለናል?

በመጨረሻ ለእናንተም ጥያቄ አለኝ፣ አዘጋጆች። የጋዜጣችሁ የድሮ ዕትሞች የት ናቸው? የለቅሶ ማስታወቂያው፣ የሱቅ መክፈቻው፣ የሚከራይ ቤት ማስታወቂያው ሁሉ የዚህ ማኅበረሰብ መዝገብ ነው። ሙሉ ጥራዙ አንድ ሰው ጋራዥ ውስጥ ከሆነ፣ አንድ ቅጂ ለሃዋርድ ወይም ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ለመስጠት ምን እንደሚያግዳችሁ በሚቀጥለው ዕትም ብትነግሩን ደስ ይለኛል። የሚሸከም ሰው ከጠፋ መኪናዬ አሁንም ትሠራለች።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከዋሽንግተን ዲሲ