ቁጥሯን ጽፈህ ያስቀመጥክልኝ ሳይክል

ወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እናታችንስ ጉልበታቸው እንዴት ሆነላቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስንት ዘመን ተጠፋፋን! የድሮው ስልክህ አይሠራም። አድራሻህን የሰጠችኝ እህትህ ናት። ገብርኤል ደጅ አገኘኋት፤ ተሳስመን ሳናበቃ ስለ አንተ ጠየቅኳት።

የምጽፍልህ ናፍቆት ብቻ ገፍቶኝ አይደለም። ላመሰግንህም ነው። ያቺ ሰማያዊ ሳይክል ተሰርቃ ነበር። የተገኘችው ባንተ ነው።

ትዝ ትልሃለች አይደል? ሥራ የጀመርኩ ሰሞን መርካቶ አብረን ሄደን የገዛናት ማውንቴን። አውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭነናት ስንመጣ፣ ሻሸመኔ ላይ ወጥተህ ገመዷን አጠበቅክላት። አሁን የኔ መሆኗ ቀርቷል። ትልቋ ልጄ ወርሳታለች፤ ትምህርት ቤት የምትመላለሰው በእሷ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች ብልህ ታምነኛለህ?

የተሰረቀችው እዚሁ ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ። ልጅቷ ፎቶ ኮፒ ልታስነሳ አንድ ሱቅ ገባች። ሳይክሏን ከመብራት ፖል ጋር ቆልፋታለች። ስትወጣ የተቆረጠው ቁልፍ ብቻ መሬት ላይ ወድቋል። እነዚህ ላስቲክ የለበሱ የሽቦ ቁልፎች ከላይ ሲያዩአቸው ጠንካራ ይመስላሉ። ውስጣቸው ግን የተገመደ ቀጭን ሽቦ ነው። ደህና መቁረጫ ላለው ሰው ምንም አይደሉም። የአካባቢው ጥበቃ ሰውየው ሲቆርጥ አይቶታል። "መክፈቻው የጠፋበት ባለቤቱ መስሎኝ ነው" አለን። ተረጋግቶ ቆርጦ፣ ተረጋግቶ ጋልቧት ሄደ።

ልጄ እያለቀሰች በእግሯ ቤት ገባች። መቼም ታውቀዋለህ፣ ሐዋሳ ላይ ሳይክል የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ከተማው ሜዳ ነው። ተማሪው በሳይክል ነው። አናጢው መጋዙን ከኋላ አስሮ በሳይክል ነው። ከአሞራ ገደል ዓሣ ሸምቶ የሚመለሰውም በሳይክል ነው። የባጃጅ ሒሳብ ከፍ ባለ ቁጥር የሚተርፈው ሳይክል ያለው ነው። እንዲህ ካለ ሰው ላይ ሳይክል መስረቅ እግሩን እንደ መውሰድ ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። መርማሪው ጨዋ ሰው ነው። "ሰማያዊ ማውንቴን በየመንገዱ ሞልቷል፤ ያንተ መሆኗን በምን ታስረዳለህ?" አለኝ። እውነቱን ነው። ጎማ ይቀየራል፣ ኮርቻ ይቀየራል፣ ቀለም በግማሽ ቀን ይቀባል። ቤት ገብቼ የወረቀት ሻንጣዬን ዘረገፍኩት። ደረሰኙን ከዲፕሎማዬ ሥር አገኘሁት፤ ገርጥቷል። ጀርባው ላይ በቀይ እስክሪብቶ የሳይክሏ ቁጥር ተጽፏል። የአንተ እጅ ጽሕፈት ነው! ሰባትን ወገቧ ላይ በሰረዝ የምታቋርጣት ነገር አለች አይደል? እሷን ሳይ መነሣት አቃተኝ። ነጋዴው "ቶሎ በሉ፣ ገበያ አትዝጉብኝ" እያለ ሲያጣድፈን፣ አንተ ሳይክሏን ገልብጠህ ከፔዳሎቹ መሐል፣ ከፍሬሟ ሥር የተመታውን ቁጥር እያነበብክ ስትጽፍ ታየኝ። የታላቅ ወንድምህ ሳይክል እንደ ወጣች ከቀረች ወዲህ አንተ ቁጥር ሳትይዝ ዕቃ ገዝተህ አታውቅም።

ቁጥሩን ይዤ የሳይክል ጠጋኞቹን አዳረስኳቸው። የከተማውን ሳይክል እንደ እነሱ የሚያውቅ የለም። የተሰረቀ ሳይክልም ቢሆን ነፋስ ያስሞላል፣ ካላማዳሪ ያስለጥፋል፣ ካቴና ያስቀጥላል። ውሎ አድሮ እነሱ እጅ መግባቱ አይቀርም። ተፈታታ በብረት ዋጋ እንዳትሸጥ ፈርቼ ቁራሌዎችንም አነጋገርኩ። ተስፋዬ እየሟጠጠ ሳለ አቶቴ በኩል የሚሠራ አንድ ጠጋኝ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ አንዲት ጥቁር መጥታለች። ቀለሟ ገና ትኩስ ነው። ቶሎ ይድረሱ።"

ከመርማሪው ጋር ከነፍን። ጎማዎቹ የሷ አይደሉም። ኮርቻዋም ሌላ ነው። ልቤ ቀዝቀዝ አለ። ጠጋኙ ግን ገለበጣት፤ ጨርቅ ቤንዚን ነክሮ ከሥር ያሻት ጀመር። ጥቁሩ ሲለቅ ሰማያዊው ብቅ አለ። ከዚያ ቁጥሮቹ መጡ። እሱ ይጠራል፣ እኔ ደረሰኙ ላይ በጣቴ እከተላለሁ። አንዷ ቁጥር ላይ ቅባትና አቧራ ጠጥሮባት ሦስት ትሁን ስምንት አልለይ አለች። ያንተ ወረቀት ሦስት ይላል። ጠጋኙ በሚስማር ጫፍ ቀስ እያለ ፋቃት። ሦስት ናት። መርማሪው "በቃ፣ ያንተው ናት" አለ።

ሳይክሏን ያመጣት ልጅ አጠገባችን ቆሟል። ሌባ አይደለም። ከገጠር መጥቶ ግንባታ ላይ ሲሚንቶ የሚያቦካ የቀን ሠራተኛ ነው። መናኸሪያ አካባቢ ከማያውቀው ሰው በርካሽ ገዛት። መርማሪው ቁጭ አድርጎ አስረዳው። የተሰረቀ ዕቃ ሳያውቁ የገዙት ቢሆንም ባለቤቱ የማስመለስ መብት አለው። አውቆ የገዛ፣ የደበቀ፣ ወይም መልሶ የሸጠ ሰው ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይቀጣል፤ የሰረቀው ሌላ ሰው ነው ብሎ አያመልጥም። ልጁ ክው አለ። "ጋሼ፣ ምሳ እየዘለልኩ ያጠራቀምኩት ብር ነው" አለኝ። ሳይክሌን አግኝቼም ደስታዬ ያልሞላው ለዚህ ነው። በአንድ ስርቆት ሁለት ሰው ተዘረፈ። የሻጩን መልክ ተናግሮ ቃሉን ሰጥቷል፤ ሰውየው ግን እስካሁን አልተያዘም። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ አላስቻላትም። ከእድርተኞች ጋር አዋጥተን ከፊሉን ብር ሰጠነው።

ሰው ሁሉ ሌባውን ይራገማል። እኔን ግን የሚያንገበግበኝ የገዢው ነገር ነው። ይህ የቀን ሠራተኛ አገሩን ገና አላወቀም፤ በእሱ አልፈርድም። የሚያውቁት ግን አሉ። ዋጋው ከገበያው በግማሽ ሲወርድላቸው "ከየት አመጣኸው?" አይሉም። ደረሰኝ የለውም፣ ቁጥሩ ተፍቋል፣ እነሱ ግን ብር ቆጥረው ይሰጣሉ። ገዢ ባይኖር ያ ሰውዬ በጠራራ ፀሐይ መቁረጫ ይዞ የሚዞረው ለማን ብሎ ነው? የሌባ ተቀባይ እስካለ ድረስ ቁልፍ ብንደራርብ ዋጋ የለውም።

ጎረቤታችን እማማ ስለ አውጫጭኝ አጫወቱኝ። በልጅነታቸው፣ በአገራቸው ዕቃ ሲጠፋ አገሬው ተጠርቶ ይቀመጣል። ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ሥራው አይመለስም። ንጹሕ ሰውም ይጉላላበት እንደነበር እሳቸውም አልሸሸጉም፤ እንዲመለስ አልመኝም። ግን የአንድ ሰው ዕቃ ሲጠፋ መንደሩ በሙሉ የኔ ጉዳይ ነው ማለቱ ደስ ይለኛል።

ይህንኑ እድራችን ስብሰባ ላይ አነሣሁት፤ ደብተር ተከፈተ። የየቤቱ ሳይክል ቁጥር፣ ቀለምና የተለየ ምልክት ይሰፍርበታል። ደረሰኝ የሌለው ከነሳይክሉ ፎቶ ተነሥቶ ያስቀምጣል። ጠጋኞቹም አንዱ ጋ ሳይክል ጠፋ ሲባል ቁጥሩን ተቀባብለው ሊጠብቁ ተስማምተዋል።

ሳይክሏ ኤግዚቢት ሆና ጣቢያ ከቆየች በኋላ ተመልሳልናለች። ጥቁር ቀለሟን አላስነሣሁትም፤ ልጄ ወደደችው። ቁልፉን ግን ቀይረናል። ወፍራም ሰንሰለትና ጓጉንቸር ገዛሁላት። በፍሬሟና በኋላ ጎማዋ መሐል አሳልፋ ከማይነቀል ብረት ጋር ታስራታለች። የፊት ጎማ ብቻ ከታሰረ ጎማው ይቀርና የቀረው ይሄዳል። ከበደኝ ብላ ታጉረመርማለች፤ ግን ትይዘዋለች።

እህትህ አንተም ሳይክል መግዛትህን ነገረችኝ። እንዴት ደስ አለኝ! በኮሪደር ልማቱ አዲስ አበባም የብስክሌት መንገድ ተሠርቶላችኋል፤ ንዳበት፣ ለጤናህም ነው። ቁጥሯን መጻፍህን አልጠይቅህም። ለኔም ላክልኝና እኛ ደብተር ላይ አሰፍራታለሁ።

ለሐምሌ ገብርኤል ልጆቹን ይዘህ ና። ያኔ ትምህርት ዝግ ነው፣ ሰበብ የለህም። ማረፊያ እንዳታስብ፣ ቤቱ ይበቃናል። ባለቤቴ ቆሮሶ ትጠብስልናለች፤ ልጆቹም ይተዋወቁ። የኔ ስልክ ያው የድሮው ነው። ይህ ደብዳቤ እንደ ደረሰህ ደውልልኝ።

ወንድምህ፣
ከሐዋሳ