ቅሬታ፦ ሦስት ጊዜ ለታይፎይድ ታክመው አንድም ጊዜ የደም ስኳራቸው ስላልተለካው አባቴ

ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ለክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ እና ለሕክምና ክፍሉ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ተገቢ ምርመራ ሳይደረግ ስለተሰጠ ሕክምና ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በ2017 ዓ.ም. በክሊኒካችሁ ሦስት ጊዜ ታክመው ሦስቱንም ጊዜ ሳይሻላቸው ስለተመለሱት አባቴ ነው። አባቴ የ58 ዓመት ሰው ሲሆኑ ዘጌ ተወልደው ያደጉና እዚያው በቡና የሚተዳደሩ ናቸው። የጤና መድን ደብተር አላቸው፤ ሆኖም ደብተሩን ቤት አስቀምጠው፣ የቡና ሽያጭ ገንዘባቸውን ይዘው በጀልባ ወደ ባሕር ዳር የመጡት «የግል ሕክምና በደንብ ያያል» የሚል እምነት ስለነበረን ነው። ወደ እናንተ እንዲመጡ የመከርኳቸውም እኔ ነኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣነው ታኅሣሥ 14 ቀን ነበር። አባቴ ድካም እንደጸናባቸው፣ ውኃ ጠጥተው እንደማይረኩ፣ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት እንደሚነሡ፣ ሱሪያቸውም ወገባቸው ላይ አልቆም እንዳላቸው እኔ ባለሁበት ለመረመሯቸው ባለሙያ ተናግረዋል። የታዘዘላቸው የላብራቶሪ ምርመራ ግን ለታይፎይድ የሚደረገው ዊዳልና ለታይፈስ የሚደረገው ዌይል ፊሊክስ ብቻ ነበር። የዊዳሉ ውጤት 1፡80 ሆኖ ሲመጣ «ታይፎይድ ነው» ተባለና ለ10 ቀን የሚዋጥ ሲፕሮፍሎክሳሲን ታዘዘ። መጋቢት 9 ቀን ስንመለስ ክብደታቸው ይበልጥ መቀነሱን እኔው አንሥቼ ነበር፤ «ጾም ላይ ስለሆኑ ነው» የሚል መልስ ተሰጠኝ፤ የሽንቱ ነገርም የዕድሜ ነው ተብሎ ታለፈ። ዊዳሉ ተደገመና ለ7 ቀን የሴፍትሪያክሶን መርፌ ታዘዘላቸው፤ ለመርፌው ሲባልም ሳምንቱን ሥራቸውን ትተው እኔ ቤት ሰነበቱ። ግንቦት 20 ቀን ደግሞ «ታይፎይዱ አልለቀቃቸውም፣ ታይፈስም ተጨምሯል» ተብሎ ዶክሲሳይክሊን ተሰጣቸው።

የሦስቱም ቀናት ወረቀቶች በእጄ ይገኛሉ። በእነዚህ ወረቀቶች ላይ የሰውነት ሙቀታቸው በቅደም ተከተል 36.7፣ 36.5 እና 36.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተብሎ ተመዝግቧል። ትኩሳት የሌለበት ሰው በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የታይፎይድ መድኃኒት ሲታዘዝለት፣ ሌላው ቢቀር በሦስተኛው ጊዜ «ሕመሙ ሌላ ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ መኖር ነበረበት። የደም ግፊት የሚጻፍበት ቦታ በሦስቱም ወረቀቶች ላይ ባዶ ነው። የደም ስኳር የሚል ቃል አንዱም ላይ የለም።

እኔ መምህር እንጂ የጤና ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገር ግን አባቴ ላይ የደረሰውን ለመረዳት ስል ባለሙያዎችን ጠይቄአለሁ፣ አንብቤአለሁም። ዊዳል እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ የሚታወቅ የቆየ ምርመራ ሲሆን፣ የሚለካውም ባክቴሪያውን ራሱን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ ደግሞ ከቀድሞ ሕመም ወይም ከሌላ ኢንፌክሽን የተረፈ ሊሆን ስለሚችል፣ እንደ እኛ ታይፎይድ በተለመደበት አገር ጤነኛ ሰው ላይም 1፡80 ሊገኝ ይችላል። ታይፎይድ መሆኑን በተሻለ የሚያረጋግጠው ባክቴሪያውን ራሱን ከደም ናሙና አሳድጎ የሚያሳየው የደም ካልቸር ነው። ይህን የምጽፈው ሙያችሁን ላስተምራችሁ አይደለም፤ እኔ በጥቂት ሳምንት የደረስኩበትን ነገር በየቀኑ ሥራው ላይ ያለ ባለሙያ ያጣዋል ብዬ ለማመን ስለተቸገርኩ ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ የደም ስኳርን ሊያዛባ እንደሚችልም የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አባቴ ከቡናው ጫካ ሲመለሱ በረባሷቸውን በስቶ የገባ እሾህ ግራ እግራቸው ውስጥ ነበረ። እርሳቸው አላወቁም፤ ያወቁት እናቴ ደሙን አይተው ሲነግሯቸው ነው። እሾሁ አላመማቸውም፤ ለካ እግራቸው ስሜቱን ካጣ ቆይቷል። ቁስሉ አልድን ሲል በጤና መድናቸው ወደ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሄዱ። እዚያ የተቀበለቻቸው ነርስ ገና ሐኪም ዘንድ ሳታስገባቸው ግፊታቸውን ለካች፦ 160 በ100። ቀጥላም የጣታቸውን ጫፍ ወግታ በአንዲት ጠብታ ደም ስኳራቸውን ለካች፦ 387 ሚሊግራም በዴሲሊትር። ሁለቱም ልኬታ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ምግብ ሳይበላ የተለካ የደም ስኳር 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ፣ ወይም አባቴ የነበሯቸው ዓይነት ምልክቶች ባሉበት በማንኛውም ሰዓት ተለክቶ 200 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር ሕመም እንደሚባል የነገሩን እዚያው ነው። ነሐሴ ላይ የግራ እግራቸው ትንሿ ጣት በሆስፒታል ተቆረጠች። የዓይን ምርመራ ሲደረግላቸውም ሕመሙ የዓይናቸውን ውስጠኛ ክፍል እንደጎዳው ታወቀ።

ታኅሣሥ ላይ ቢታወቅ ኖሮ ጣታቸው በእርግጥ ይተርፍ ነበር አልልም፤ የቆረጡት ሐኪምም እንደዚያ አላሉኝም። የስኳር ሕመም ሳይታወቅ ለዓመታት ሊቆይ እንደሚችል፣ የነርቭና የዓይን ጉዳቱም ቀደም ብሎ ጀምሮ ሊሆን እንደሚችል ገልጸውልኛል። ነገር ግን ከታኅሣሥ እስከ ሐምሌ ያሉት ሰባት ወራት ስኳሩን ለመቆጣጠር፣ እግራቸውን እየፈተሹና ሽፍን ጫማ እያደረጉ ለመጠንቀቅ የሚበቁ ወራት ነበሩ። እነዚያን ወራት ያጡት በእናንተ ቤት ነው። ቅሬታዬም ይኸው ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ የሦስቱ ቀናት ሙሉ የሕክምና መዝገብ ቅጂ እንዲሰጠን፣ መዝገቡም ሕክምናውን ባልሰጠ ሌላ ሐኪም ታይቶ ስሕተቱ የት እንደተፈጠረ በጽሑፍ እንዲገለጽልን እጠይቃለሁ። ለካርድ፣ ለላብራቶሪ፣ ለመድኃኒትና ለመርፌ በሦስቱ ጊዜ የከፈልነው 6,840 ብር በደረሰኝ የተያዘ ነው፤ እንዲመለስልን እፈልጋለሁ፤ ዋናው ጥያቄዬ ግን ገንዘቡ አይደለም። ዋናው ጥያቄዬ፣ በክሊኒካችሁ በር የሚገባ ማንኛውም አዋቂ ሰው ለየትኛውም ሕመም ቢመጣ ሐኪም ዘንድ ከመግባቱ በፊት የደም ግፊቱ እንዲለካ፣ ውኃ ጥም፣ የሽንት መደጋገም ወይም የክብደት መቀነስ ያለበት ሰው ደግሞ ሳይውል ሳያድር የደም ስኳሩ እንዲታይ ሥርዓት እንድታበጁ ነው። በአፍሪካ የስኳር ሕመም ካለባቸው አዋቂዎች ከግማሽ የሚበልጡት ሕመሙ እንዳለባቸው እንደማያውቁ የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ይገልጻል። ከዘጌ በጀልባ ለገበያ ከሚመጡት የአባቴ እኩዮች መካከልም እንዲህ ያሉ ሰዎች እንደሚኖሩ አልጠራጠርም፤ ሲደክማቸው የሚመጡትም ወደ እናንተና እናንተን ወደመሰሉ ክሊኒኮች ነው። ኅዳር 5 ቀን የዓለም የስኳር ሕመም ቀን ስለሆነ፣ ሥራውን ለመጀመር ከዚያ የተሻለ ቀን አይኖራችሁም።

ዊዳልን ብቻ ተመልክቶ አንቲባዮቲክ ማዘዝ እንዲቆምም እጠይቃለሁ። አባቴ ያለ በቂ ምክንያት የወሰዷቸው ሦስት ዓይነት መድኃኒቶች ነገ የእግራቸው ቁስል ቢያመረቅዝ ሊያስፈልጓቸው የሚችሉ ናቸው፤ ባክቴሪያው ተላምዷቸው ከሆነ ምን እንደሚሰጣቸው አላውቅም።

ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን የጤና ተቋማትን ለሚቆጣጠረው የመንግሥት አካል ከነማስረጃው የማቀርብ መሆኑን አሳውቃለሁ። መልሱ ግልጽ በሆነ አማርኛ እንዲጻፍልኝ እለምናለሁ፤ አባቴ ዓይናቸው ስለደከመ ጮክ ብዬ የማነብላቸው እኔ ነኝ።

ከሰላምታ ጋር
የታካሚው ልጅ