ገበሬው መጀመሪያ ይናገር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ባሕር ዳር አንድ የትምህርት ተቋም የጣናን ዳርቻ ስለመከለል ባዘጋጀው ሕዝባዊ ውይይት ላይ ተገኝቼ ነበር። ማሰባቸው ደግ ነው፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስላይድ ስናይ ቆይተን ለተሳታፊው የተረፈው ሃያ ደቂቃ ነው።

በዚያችው ሃያ ደቂቃ ከፎገራ የመጡ አንድ አባት ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ብድግ አሉና «ውሃው ሲሸሽ የምናርሰውንም ነው የምትከልሉብን?» ሲሉ ጠየቁ። ባሕር ሸሹን፣ ሐይቁ ሲጎድል የሚገለጠውን መሬት ማለታቸው ነው። መድረኩ «ጥያቄው ተመዝግቧል» ብሎ ወደ ሻይ ሸኘን። ሻዩስ ጥሩ ነበር።

የጉዳዩ እምብርት እኮ እሳቸው የጠየቁት ነው! በዓባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በዝናብ ብቻ አይወሰንም። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣና በለስም የሚሠራው ከዚሁ ሐይቅ በሚወስደው ውሃ ነው። ታዲያ ውሃውን የሚለቀው አንዱ፣ ዳርቻውን የሚከልለው ሌላው፣ ጭቃ ውስጥ ቆሞ እምቦጭ የሚነቅለው ደግሞ ገበሬው።

ለሚቀጥለው ዙር አንድ ነገር እለምናለሁ፤ መጀመሪያ እሳቸው ይናገሩ፣ ስላይዱ ይድረስ።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር