በበይነ መረብ ስለሚሰጠው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና

ለተከበራችሁ የድሬዳዋ የጤና ባለሙያዎች ጥናት ቡድን አባላት፣

በበይነ መረብ የወሰዳችሁት ሥልጠና ለሙያ ፈቃድ እድሳት ያገለግል እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁ ይህን ማስታወሻ ልከናል። ለእድሳት የሚቆጠረው ነጥብ ዕውቅና ባለው ተቋም ከተሰጠ ሥልጠና የሚገኝ ነው፤ ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 በከፈተው ኦፕን ደብሊው ኤች ኦ በተባለው ነፃ መድረክ የተገኘ ምስክር ወረቀት ዕውቀት ቢያስጨብጥም፣ ብቻውን ነጥብ ያስገኛል ብሎ መተማመን አያዋጣም። ከመመዝገባችሁ በፊት ስለ ዕውቅናው አጣሩ፤ ምስክር ወረቀቱንም ከስልካችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ (ስልኩ የጠፋበት ምክንያቱን ያውቀዋል)።

ሆኖም ነጥብ መሰብሰቡ ትምህርቱን እንዳያስረሳን እንሠጋለን። አብዛኞቻችን ወባን በዋነኛነት ዝናብ ተከትሎ የሚመጣ የገጠር በሽታ አድርገን ተምረናል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 በከተማችን በደረቁ ወራት ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ ውኃ በምናጠራቅምባቸው በርሜሎችና ገንዳዎች ውስጥ እንደምትራባ ታይቷል። ከዚያም ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2013 በትንኝ የሚተላለፈው የደንጊ ትኩሳት እዚሁ ድሬዳዋ ተከሥቶ ነበር፤ ትኩሳት ይዞት የመጣን ታካሚ ሁሉ በወባ ብቻ ከመጠርጠር የሚያድነን እንዲህ ያለው የታደሰ ዕውቀት ነው።

በመሆኑም የመጀመሪያው የጋራ ጥናታችን በእነዚህ ሁለት በሽታዎች ላይ እንዲሆን ሐሳብ ቀርቧል። የሌሊት ተረኞች ጽሑፎቹን አስቀድመው በስልካቸው ቢያወርዱ ይመረጣል፤ ኔትወርኩ የሚፈቅደው ሌሊት ነውና። ለመሳተፍ የምትፈልጉ እስከ መጪው ሐሙስ ድረስ አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቡድኑ አስተባባሪዎች